ከጫካው በፊት ያለችው ሌሊት



«ሳፋሪ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ ሐሳብዎ የሚመጣውን መገመት አያስቸግርም፤ ጣሪያው የሚከፈት መኪናና ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ነው። ቃሉ ግን የእኛው ነው። ከዐረብኛው «ሰፈር» ተነስቶ በስዋሒሊ ቋንቋ «ሳፋሪ» ሆነ፤ ትርጉሙም ጉዞ ማለት ብቻ ነው። በኪታቦቻችን ሶላት ማሳጠርና በረመዳን ማፍጠር የሚያስፈቅደው ጉዞ ይኸው ሰፈር ነው። ዑለሞች የቃሉን ሥር ሲያብራሩ ከ«መግለጥ» ጋር ያያይዙታል፤ ሰፈር የሰውን ጠባይ ገልጦ ያሳያልና። አውሬው የተጨመረበት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ፣ ከልጁ ጋር ሆኖ ከ500 በላይ እንስሳት ገደለ። ያን ጊዜ «ሳፋሪ» በፈረንጆቹ ዘንድ የአደን ስም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የጉብኝት ስም ሆኗል።

ጉዞ ሰውን የሚገልጥ ከሆነ የት ላይ ነው የሚገልጠው? አውሬው ፊት ነውን? እኔ አይመስለኝም። የሚገልጠው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ መንገደኛው አድሮ ሊያልፍ በገባባት ከተማ ነው እላለሁ።

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። በደቡብ ወሎ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለውን ደን ያቀፈ ነው። በዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ ይሰማራል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው፣ ለመራባት የደረሰው ቁጥሩ በመላው አገሪቱ 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሮም በጥቂቱ ይኖርበታል። ቤተሰብዎን ይዘው፣ ከደሴ ተነስተው፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ገቡ እንበል። («እንበል» ማለቴ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ሰው እንደ ልቡ መጓዝ ስላቃተው ነው፤ አላህ ሰላሙን ያውርድልን።) መሽቷል። አስጎብኚው ለንጋት ተቀጥሯል። ልጆቹ «ቀበሮውን መቼ ነው የምናየው?» እያሉ ይጨቀጭቃሉ። እርስዎም አልጋ ይዘው፣ በሩን ዘግተው፣ ነጋ አልነጋ ይላሉ። ከተማዋ የመጠበቂያ ወንበር ሆነች ማለት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መንገደኛ ሊያያት ላልመጣት ከተማ ዕዳ አለበትን?

«የአልጋውን ከፍያለሁ፤ የመግቢያውንም የአስጎብኚውንም እከፍላለሁ፤ ሌላ ምን ቀረብኝ?» ይሉ ይሆናል። ይህን መልስ አላቃልለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ አዘዋል፤ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ መቆየት እንደማይገባው አስተምረዋል። ይህን ወረኢሉ አፍ ቢኖራት ከማንም አስበልጣ ትናገረው ነበር። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የሚዘምተው ሠራዊት የከተተው እዚያ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ወረኢሉን ሊያይ አልመጣም፤ ሊያልፍባት እንጂ። በዚያ ዘመን ደግሞ ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። ዘመቻው ለአገር ነጻነት መሆኑን ማንም አይክድም፤ ባለጎተራው «ግቡ» ያለው ወዶ ይሁን ፈርቶ ግን ማን ጠየቀው? ስለዚህ ከፍሎ የሚያድር እንግዳ መልካም እንግዳ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም።

ነገር ግን በገንዘብዎ ያልተነካ ሰው አለ። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ጊዜ ተከልሎ የሚጠበቅ የግጦሽ መሬት ነበር፤ ሒማ ይባላል። ሁነይ የተባለውን ሰው ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን እንዲያስገባ፣ ከኢብኑ ዐውፍና ከኢብኑ ዐፋን ከብት ግን እንዲጠነቀቅ አዘዙት። እነዚህ ሁለቱ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው፤ ጥፋት ተገኝቶባቸው አይደለም። ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው። ድሃው ግን በጎቹ ካለቁ ልጆቹን አስከትሎ ዑመር ደጅ ከመቆም በቀር መሄጃ የለውም። ታሪኩን የዘገቡት ቡኻሪ ናቸው። ዑመር ክልሉን አላፈረሱትም፤ የማንን ጓዳ እንደሚነካ ግን አልዘነጉም።

ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው አይጥና ፍልፈል እያደነ ነው፤ አይጡ የሚኖረው በደጋው ሣር ውስጥ ነው። ያው ሣር፣ ጓሣውም ጭምር፣ ለደገኛው የቤት ክዳን፣ ገመድና የበግ መኖ ነው። ሣሩ ለቀበሮው እንዲተርፍ አንድ ሰው በጎቹን ከወሰኑ መመለስ አለበት። ውሻውንም ማሰር ወይም ማስከተብ ይኖርበታል፤ ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነውና። ይህን ሰው በፓርኩ መግቢያ አያገኙትም፤ ደረሰኝም አይቆርጥልዎትም። የሚያገኙት ከተማው ውስጥ ነው፤ ከገበያ ሲመለስ፣ ወይም መስጊድ ውስጥ ከጎንዎ በሶፍ ቆሞ። እርስዎ በርዎን ዘግተው የተቀመጡባት ሰዓት እርሱን ሊያገኙባት የሚችሉባት ሰዓት ነበረች።

ምጽዋት ይስጡት ማለቴ አይደለም፤ ላልለመነ ሰው እጅ መዘርጋት ማሳፈርም አለው። ዒሻን ወጥተው በጀማዓ ይስገዱ። አብዛኞቹ ዑለሞች እንደሚሉት ከነዋሪ ኢማም ኋላ የቆመ መንገደኛ ሶላቱን አያሳጥርም፤ እንደ ነዋሪው አራት ረከዓ ይሞላል። ይህን ሕግ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ለዚያች ጥቂት ጊዜ መንገደኛው የአገሩ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ካሰላመቱ በኋላ ገብሱ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ በጎቹ የት እንደሚውሉ ይጠይቁ። ባለቤትዎም ከቤቱ ሴቶች ጋር ቡና ይጠጡ። ልጆቹም ቁጭ ብለው ይስሙ፤ ከአስጎብኚው የማይሰሙትን ይሰማሉ።

ተቀባዮቹም ቢሆኑ ነጻ አይደሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን ቅፍለት የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ወጥቶ መገበያየትን ከልክለዋል። መናኸሪያ ላይ ሻንጣ ቀምቶ አገሩን ለማያውቅ እንግዳ ዋጋ እጥፍ የሚጠራ ወንድማችን ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? «ፈረንጅ ነው፣ አዲስ አበቤ ነው፣ አይጎዳም» ይባላል። አለመጎዳቱ ያልተገባውን ሐላል አያደርገውም።

ሲነጋ አስጎብኚው ይመጣል። ቀበሮው ሊታይም ላይታይም ይችላል፤ ለማንም ቃል አልገባም። ከጅብራው በታች ግን አንድ እረኛ ልጅ በጎቹን ከወሰኑ መልሶ ቁልቁል ሲነዳ ያዩ ይሆናል። ትናንት ማታ መስጊዱ በር ላይ ያጫወቱዎት የእርሱ አባት ከሆኑ፣ ያ ልጅ ማን እንደሆነ ለልጆችዎ መንገር ይችላሉ።