ቃልን ስለ መጠበቅና ራስን ስለ መግዛት

ሰው ለባልንጀራው የሰጠው ቃል ከገንዘብ ይልቅ የከበደ ዕዳ ነው። አባቶች ሰው በቃሉ፥ በሬ በቀንዱ ይታሰራል ማለታቸው ስለዚህ ነው። ዳሩ ግን ቃልን መስጠት እጅግ የቀለለ ሲሆን መጠበቁ የሚከብደው ስለ ምንድር ነው? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ ሲመልስ፥ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ከመጀመሪያውም ሐሰተኛ ነበረ ይላል። ይህ መልስ ግን የጴጥሮስን ነገር አያስረዳም።

ጴጥሮስ በጸሎተ ሐሙስ ማታ ከጌታው ጋር እስከ ሞት እንደሚጸና በተናገረ ጊዜ አልዋሸም፤ ልቡ የወደደውን አፉ ተናገረ። በዚያችው ሌሊት በጌቴሴማኒ ተግቶ ይጸልይ ዘንድ ታዘዘ፤ እርሱ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ መትጋት ተስኖት ተኛ። ከዚያም ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደ። ነገሩን ልብ ብሎ ለመረመረው፥ ውድቀቱ የጀመረው በሊቀ ካህናቱ ግቢ በገረዲቱ ፊት አይደለም፤ አስቀድሞ በአትክልቱ ስፍራ እንቅልፉን መግዛት ባቃተው ጊዜ ነው።

እንግዲህ ቃልን የሚወልደው ፍቅር ቢሆንም፥ አሳድጎ ለፍሬ የሚያበቃው ራስን መግዛት ነው። ቤተ ክርስቲያን 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀኖች፥ የረቡዕንና የዓርብንም ጾም የሠራችው ሆድን ለመቅጣት ብቻ አይደለም። ማንም ሳያየው ከተፈቀደለት መብል እጁን መሰብሰብ የለመደ ሰው፥ ካልተፈቀደለት ነገር ለመራቅ ጉልበት ያገኛል። በሰላም ቀን ያልተማረ ወታደር በጦርነት ቀን እንደማይጸና፥ በትንሹ ነገር ፈቃዱን ያልገዛም በታላቁ ነገር ቃሉን አይጠብቅም።

ነገር ግን ጾሙን በሰዓቱ ጠብቆ የሠራተኛውን ደመወዝ ያለ ሰዓቱ የሚከፍል ሰው አለ። ይህ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ ትምህርቱን ሳይዝ የወጣን ተማሪ ይመስላል። በታመመም ጊዜ፥ ብድን ለታቦቱ ጥላ አገባለሁ ብሎ ይሳላል፤ ከዳነ በኋላ ግን ጥላው ወደ ጧፍ ይወርዳል፥ ጧፉም ለነገ ይተላለፋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 አለመሳል ኃጢአት እንዳልሆነ፥ ተስሎ ማዘግየት ግን ኃጢአት እንደ ሆነ ያስተምራል።

ታዲያ ማናቸውም ቃል ሁሉ ሊጠበቅ ይገባዋልን? ሄሮድስ በልደቱ ግብዣ የማለውን መሐላ አላፈርስም ብሎ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ አስቈረጠ። ገሊላን ሲገዛ ምላሱን ሊገዛ አልቻለም፤ ከማለም በኋላ እግዚአብሔርን ከመፍራት ይልቅ እንግዶቹን አፈረ። እንዲህ ያለውን መሐላ አፍርሶ ንስሐ መግባት ይገባው ነበረ። ኢያሱ ግን የገባዖን ሰዎች አታልለው ቃል ካስገቡት በኋላ፥ ሕዝቡ ቢያጕረመርምም፥ ስለ መሐላው በሕይወት አኖራቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ ስላፈረሰ፥ በዳዊት ጊዜ 3 ዓመት ረኃብ እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ቃሉ በሌላው ላይ ግፍ የሚያመጣ ሲሆን ሊፈጸም አይገባም፤ የሚጐዳው ቃል የሰጠውን ራሱን ብቻ ሲሆን ግን ጉዳቱ ለማፍረስ ምክንያት አይሆነውም። ስለዚህ ራስን መግዛት ከቃሉ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በፊትም ያስፈልጋል፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና።

ቃሉን ያፈረሰ ሰውም ተስፋ አይቍረጥ። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ያን ጊዜ ጴጥሮስ ከባልንጀሮቹ እንደሚበልጥ አልተመካም፤ ፍቅሩን ለጌታው ዕውቀት ተወው። ጌታም ሌላ ታላቅ መሐላ አልጠየቀውም፤ በየቀኑ የሚሠራውን የእረኝነት ሥራ ሰጠው እንጂ። እንዲሁ በቃሉ የወደቀ ሰው ከፊተኛው የሚበልጥ ስእለት አይሳል፤ ቅዳሜ እከፍላለሁ ያለውን ቅዳሜ ይክፈል።