ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ

ልጄ፣ የልጅህ አስተማሪ የላከችው ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ሰነበተ። የሳይንስና የሥነ ጥበብ ትርኢት ስላለ ወላጅ ይምጣ ይላል። አንተ ግን «ምን አጥፍታ ነው?» አልክ። አልፈርድብህም። አገር ቤት ወላጅ የሚጠራው ልጁ መስኮት ሲሰብር ነበር፤ ከዚያ ውጭ ሥራውን ለመምህሩ መተው ማክበር ነው። እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን፣ ባዶ ወንበር ያየች አስተማሪ ግን ተከበርኩ አትልም፣ ቤት ውስጥ የሚከታተላት የለም ትላለች። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሏል።

እዚሁ አትላንታ ይህንን የትምህርት ቤት በር ለወላጅ በትግል ያስከፈቱ አሉ። ሴሊና ስሎን በትለር የሚባሉ ጥቁር እናት ለልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ቢያጡ በቤታቸው ከፈቱ። ልጁ ዮንግ ስትሪት ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በ1911፣ ወላጆችንና መምህራንን በአንድ ኅብረት ሰበሰቡ። በ1926 ኅብረቱ አገር አቀፍ ሆነ፤ በአሜሪካ ደቡብ የነጮቹ የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ጥቁር ወላጅን የማያስገባበት ዘመን ነበርና። ሁለቱ የተዋሃዱት በ1970 ነው፣ እሳቸው ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ። አንተን የሚጠራህ ወረቀት እንዲህ ባለ መንገድ ነው የመጣው።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ትላለህ። በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ሊያቀርብልህ ይገባል፤ ቀደም ብለህ ጠይቅ። ልጅቷን አታስተርጉማት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ደግሞስ የራሷን ጥፋት ስትተረጉም «በጣም ጎበዝ ናት» ብትልህ በምን ታውቃለህ?

«ሳይንስ አላውቅም» የምትለውን ግን አልቀበልህም። ሚስትህ እርሾ ጥላ ሊጥ ስታቦካ ምን እያደረገች ይመስልሃል? በዓይን በማይታዩ ሕያዋን እየሠራች ነው። የሚተነፍሱት ጋዝ ነው ኋላ የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣው። አንዱን ሊጥ በሦስት ብርጭቆ ክፈሉትና አንዱን ፍሪጅ፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጡ። ልጅቷ በየሰዓቱ ከፍታውን በማስመሪያ ለክታ ትጻፍ። ይኸው ሙከራ፣ ይኸው ሠንጠረዥ። የትኛው ቀድሞ እንደሚነሳ አንተ ቀድመህ አትንገራት፤ «ለምን ይመስልሻል?» በላት፣ በአማርኛ። ማሰብ በየትኛውም ቋንቋ ማሰብ ነው።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ፣ «ሐኪም ትሁን እንጂ ሥዕል ምን ያበላል» ስትል ሰምቼሃለሁ። እኛ ሸማኔውን ንቀን ጥበቡን የምንለብስ፣ አዝማሪውን ንቀን ሠርጋችንን የምናደምቅ ሰዎች ነን፤ ይህን አመል እንኳ ይዘን ውቅያኖስ ባንሻገር! ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ1977 ወደ አሜሪካ መጣች። አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የሕንፃ ፕላንና ካርታ እየደራረበች የምትሠራቸው ግዙፍ ሥዕሎች በ2020 እዚሁ አትላንታ፣ ሃይ ሙዚየም ውስጥ ቀርበው ነበር። ከእነዚያ ሥዕሎች ሒሳቡን ከቀለሙ ለይተህ ልታወጣ ትችላለህ? የእናትህን ጥበብ ቀሚስ አውጣና ቅርጾቹን ልጅቷ ትቁጠራቸው፣ ትሣላቸው።

የሌሊት ሥራህን አውቃለሁ፤ ሁሉን ብቻህን አትችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከሕንፃችሁ አራት አምስት አባወራ ተነጋገሩ፤ አንዱ ስብሰባ ሄዶ ለሌሎቹ ይንገር፣ ሌላው ቅዳሜ ልጆቹን ወደ ፈርንባንክ የሳይንስ ማዕከል ይውሰድ። የዲካልብ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ቤት ነው፤ ከዋክብትን በጣሪያ ላይ የሚያሳዩበት አዳራሽ አላቸው። ተራ የሚይዝ ከጠፋ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ልጆቹን እጠብቃለሁ። መኪናውን ግን አንተ ትነዳለህ፤ ሀይዌይ ላይ ዓይኔን አላምነውም።