ማንን ልጠቁም?

በ1988 ዓ.ም. በጋ ድሬዳዋ ራስ ሆቴል ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞተ። ትንሽ ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ግዮን ሆቴል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ተመቱ። ጥቃቱ በሶማሊያ የከተመው አል ኢትሃድ አል ኢስላሚያ የተባለ ታጣቂ ቡድን ሥራ ነው ተባለ፤ በነሐሴም የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ሉቅ ያለውን ሰፈሩን መታ። ስለዚህ ስለ ሽብር ሳስብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም የማስበው። ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሰው በሚደርስበት ሆቴል ውስጥ ስለጠፋ ነፍስ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የመጀመሪያውን ሐሳቤን አስቀምጣለሁ፦ መንግሥት ዜጋውን ከእንዲህ ያለ ሞት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ዜጋም ያየውን የመናገር ግዴታ አለበት። ትክክል ይመስለኛል። ጥርጣሬ የሚገባኝ ሐሳቡን ይዤ ገበያው ውስጥ ስዘልቅ ነው።

ቀፊራ ውስጥ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና አፋሩ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ይገበያያል። ዋጋ በአንድ ቋንቋ ተጠርቶ በሌላው ይቆረጣል። ማለዳ ከገጠር የመጣች ሴት ቅርጫቷን ከማታውቃት ነጋዴ ፊት አስቀምጣ፣ «እህቴ፣ አንዴ ያዥልኝ» ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ ዕቃዋ እንዳለ ነው። ባለቤቱ የሌለ ዕቃ ሲያዩ ለፖሊስ ያመልክቱ የሚለው ማሳሰቢያ እዚህ ቢለጠፍ ግማሹ ገበያ መመርመሩ ነው። አንዲት ቅመም ሻጭ «አዴ፣ የሚያስቀምጡልዎትን ዕቃ ከፍተው ያያሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አቦ ልጄ፣ የሰው ዕቃ ይፈተሻል እንዴ?» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ዓይኑ ካላማረኝ አልቀበለውም፤ ወደዚያ በል እለዋለሁ» ብለው ጨመሩ።

መልሳቸው ብዙ አሳሰበኝ። እኚህ ሴት ጥበቃ አላቸው፤ ያለ ሕግና ያለ ፍተሻ፣ ሰውን አይቶ በመመዘን የሚሠራ ጥበቃ። ታዲያ ዓይኑ ስላላማራቸው ሰው ለፖሊስ መናገር ነበረባቸው ወይ?

በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 መልስ ነበረው። ድርጊቱን ለመከላከል የሚረዳ መረጃ እያለው ለፖሊስ ወዲያው ያላሳወቀ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ይታሰራል ይል ነበር። የተጠቆመውስ? ፖሊስ በሚጠይቀው የምርመራ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን ሳያንስ፣ እስከ 4 ወር ያለ ክስ ሊቆይ ይችል ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርብም የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ሳይገለጽ ማስረጃ ሊሆንበት ይችል ነበር፤ የስሚ ስሚም እንዲሁ። ቅመም ሻጯ «ዓይኑ አላማረኝም» ቢሉ ያቺ ቃል ስማቸው ተነቅሎላት፣ በሪፖርት ተጠቅልላ፣ የማያውቁትን ሰው ወህኒ ልታወርድ ትችል ነበር። ባይናገሩ ደግሞ ራሳቸው ወንጀለኛ ይሆኑ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አነሳሁ። ሕጉ ክፉ አይደለም፣ ክፉው ያስፈጸመው ነው ቢባልስ? የእንግሊዝም የአሜሪካም ሕግ ሰፊ ነው ይባል ነበር፤ የኛ አዋጅ አርቃቂዎች ራሳቸው የሌላ አገር ሕጎችን ይጠቅሱ ነበር። ይህን ክርክር በቀላሉ ልጥለው አልፈለግሁም። ነገር ግን በአዋጁ ማን እንደተፈረደበት አየሁ፦ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት፣ ሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች 11 ዓመት፤ ጋዜጠኛዋ ርዕዮት ዓለሙም ታሰረች፤ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በዚሁ ተከሰሱ። ቦምብ ያጠመደ የለባቸውም። አስፈጻሚው ይህን ሲያደርግ ከሕጉ ውጪ መውጣት አላስፈለገውም። የቃሉ ስፋት በቅቶታል። ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክር ቤት ቀርበው ሰውን ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማሰር የመንግሥት የራሱ የሽብር ድርጊት እንደነበር ተናገሩ። በ2012 አዋጅ 1176 የድሮውን ተክቶ ሲወጣ ሰላማዊ ሰልፍንና የሥራ ማቆምን ከሽብር ለይቶ ማስቀመጡ ደስ አሰኝቶኛል።

ደስታዬ ግን ጥርጣሬዬን አላስወገደውም። የሚያስጠረጥረኝ የአሸባሪዎች ዝርዝሩ ነው፦ ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 የተባሉት ድርጅቶች በ2003 በምክር ቤት ድምፅ አሸባሪ ተባሉ፤ በሰኔ 2010 በምክር ቤት ድምፅ ተሰረዙ። ሕወሓትና ሸኔ ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ተመዘገቡ፤ ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ መጋቢት 13 ቀን 2015 ሕወሓት ወጣ። ሰላም ለማውረድ መዝገብ መሰረዝ ካስፈለገ ይሰረዝ፤ በዚህ አልከራከርም። የምጠይቀው ስለ ዜጋው ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ሰው የሚታረቀውንና የሚጣላውን እያየ የሚጽፈውና የሚሰርዘው ዝርዝር ከሆነ፣ ነጋዴው ማንን አይቶ ይጠቁም? ትናንት ጠቁሞ ያሳሰረው ሰው ዛሬ በክብር ሲመለስ በገበያው መሀል በምን ዓይን ይተያያሉ?

እንግዲያው አሸባሪ የሚባል የለም ልበል? አልልም። የራስ ሆቴሉ ሟች ይከለክለኛል። ሆቴል ውስጥ የተቀመጠን ሰላማዊ ሰው አፈንድቶ የገደለ፣ ድርጅቱ ቢመዘገብም ባይመዘገብም፣ ያደረገው ያው ነው። መነሻዬ ድርጊቱ ሊሆን ይገባል፤ ስሙ ቀጥሎ ይምጣ።

ከድርጅት ስም የከፋ ደግሞ የጎሳ ስም አለ። ቀፊራ ላይ ይህ ጥያቄ ሥጋ ለብሶ ይቆማል፤ የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አል ሸባብ ሲባል ጎረቤት ያለው ሶማሌ ነጋዴ ላይ የሚያርፍ ዓይን አይጠፋምና። ያ ዓይን የማያስታውሰውን ላስታውስ፦ በዚያው በ1988 ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመተው የተረፉት የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ራሳቸው ኢትዮጵያዊ ሶማሌ ነበሩ። በሐምሌ 2014 አል ሸባብ ወደ ሶማሌ ክልል ሰርጎ ሲገባ ቀድሞ የተዋጋው የክልሉ ልዩ ኃይል ነው። ኬንያ ከናይሮቢው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል እልቂት በኋላ በ2006 መጋቢት ማብቂያ የኢስትሊን ሰፈር ከብባ ሶማሌዎችን በሺህ የሚቆጠሩ አፈሰች፤ ብዙዎቹን ካሳራኒ ስታዲየም አጎረች። በዓመቱ፣ መጋቢት 24 ቀን 2007፣ አል ሸባብ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 148 ሰው ገደለ። አፈሳው ባይኖር የባሰ ይመጣ ነበር የሚል ሊኖር ይችላል፤ ይህን ማፍረስም ማጽናትም አልችልም። ግን ስታዲየም ውስጥ ያደረ አባት በማግስቱ የሰማውን ሄዶ ለፖሊስ እንደሚናገር ማመን ይከብደኛል።

የሚከብደኝ ሌላም አለ፣ በተቃራኒው በኩል። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ኢትዮጵያና ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ እግር ኳስ በሚጫወቱበት ዕለት ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚያዘጋጁት ቦምብ በእጃቸው ፈንድቶ ሞቱ። ስታዲየሙ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ያዳነን የነሱ ስህተት ነው። አንድ ጎረቤት ቀድሞ የሆነ ነገር ጠርጥሮ፣ «ሰው ላሳስር?» ብሎ ዝም ብሎ ቢሆንስ ኖሮ? ቦምቡ በሰዓቱ ቢደርስ ያን ዝምታ ምን እንለው ነበር? ይህን ሳስብ የቅመም ሻጯ «ወደዚያ በል» አይበቃም፤ እሳቸው ያልተቀበሉት ዕቃ ሌላ ሰው ፊት ሊቀመጥ ይችላልና።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለየሁ። ያየሁት ዕቃ ወይም ድርጊት ከሆነ፣ ሽቦ፣ ፈንጂ፣ የመግደል ዛቻ፣ ሮጬ እናገራለሁ፤ አዋጅ ባያዘኝም። ያየሁት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ጢሙ፣ አነጋገሩ፣ ከየት እንደመጣ አለመታወቁ፣ ያ መረጃ ሳይሆን ፍርሃቴ ነው፤ ፍርሃቴንም መንግሥት ማስረጃ አድርጎ እንዲወስድልኝ አልፈልግም። የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፦ በሌሊት የሚወጣ የሚገባው ተከራይ፣ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ በሌላ ሰው የተወሰደው ማዳበሪያ። እዚያ ላይ ልናገር የምችለው በአንድ ሁኔታ ነው። የጠቆምሁት ሰው ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው በ48 ሰዓት ዳኛ ፊት እንደሚቆም፣ እንደማይደበደብ፣ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሱቁ እንደሚመለስ ማወቅ አለብኝ። ያን ካወቅሁ በነጋታው ቀፊራ ውስጥ ፊቱን አይቼ ይቅርታ መጠየቅ እችላለሁ። ካላወቅሁ ግን ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ቅመም ሻጯም እኔም እስካሁን መልስ የለንም።