በአባቶቻችን ጀግንነት መፎከር ይገባናልን?



ባለፈው የካቲት 23 ቀን የዓድዋን ድል በዓል ለማክበር አዲስ አበባ ፒያሳ ተገኝተን ነበር። ከመካከላችን ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ የያዘ፣ የአርበኛ ልብስ የተዋሰ ነበረ። እንቢልታው ሲነፋ፣ ሽለላውና ቀረርቶው ሲሰማ ደማችን ሞቀ፤ አንዱ ጓደኛችንም ዘሎ ገብቶ ፎከረ። ሲጨርስ አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «ጎሽ ልጄ! ለመሆኑ አንተ ምን ሠርተህ ነው?» ብለው ጠየቁት። ሁላችንም ዝም አልን።

ፉከራ በጥንቱ ሥርዓት ምስክርነት ነበር። ተዋጊው ከዘመቻ ሲመለስ የሠራውን በአለቃውና በባልንጀሮቹ ፊት ይናገራል፤ አብረውት የዋሉ ስላሉ መዋሸት ያሳፍረዋል። እኛ ግን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ አልዋልንም። ታዲያ ፉከራችን ሐሰት ነውን?

ሐሰት አይደለም እንላለን፤ ነገር ግን ዕዳ ነው። በሌላው ሥራ የፎከረ ሰው ስም ተበድሯልና። ዕዳውን ለመክፈልም ጦርነት መጠበቅ አያሻንም። ወደ ዓድዋ ከዘመቱት መካከል ስንቅ ያዘጋጁ፣ ውኃ ያመላለሱ፣ ቁስለኛ ያነሡ ሴቶችና ወንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ማንም ሳይፎክርላቸው አልፈዋል። የእነርሱን የሚመስል ሥራ በየሰፈራችን ሞልቷል፤ ለደካማ እናት ውኃ መቅዳት፣ የታመመ ጎረቤት ማስታመም፣ ያልተማረውን ማስጠናት።

የተዋስነውን ልብስ በማግሥቱ መልሰናል። የሽማግሌው ጥያቄ ግን አሁንም ከእኛ ጋር ነው። እንግዲህ በሚመጣው የካቲት ቢጠይቁን የምንመልሰው እንዲኖረን ከዛሬ ጀምረን እንሥራ።