ለመስቀል ወደ አገር ቤት ለምትነዱ



መስከረም ጋመስ ሲል ቂርቆስና ካዛንቺስ ጭር ይላሉ። ሱቁ ይዘጋል፤ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ ይገዛል፤ የጉራጌ ልጅ ሁሉ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ ትውልድ መንደሩ ይገሰግሳል። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት ወደ ሆነው ወደ እምድብር የሚሄዱ ምእመናን ብዙ ናቸው። ቀድሞ በአውቶቡስ ይጓዝ ከነበረው ሕዝብ ዛሬ በገዛ መኪናው የሚጓዘው ጥቂት አይደለም። እንግዲህ መሪ ጨብጠን ሳለን አምስተኛው ትእዛዝ ምን እንደሚጠይቀን ጥቂት እናስብ።

በከተማ የሚነዳ ሰው ሌሎች ይገሩታል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ኡራኤል መብራቱ ያቆመዋል፤ ትራፊኩ ያፈጥበታል፤ ታክሲው ፊቱ ድንገት ይገተራል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈርሳ ስትሠራ ደግሞ የእግረኛውና የመኪናው መንገድ ይበልጥ ተለየ። (ከዚያ ተነሥተው በከተማው ዳርቻ የሰፈሩትን ምእመናኖቻችንን በጸሎታችን አንርሳ።) የከተማ ነጂ ዓይን ከፊቱ ካለው መኪና የኋላ መብራት አይርቅም። ሰበታን ሲያልፍ ግን መንገዱ ይከፈትለታል፤ ያን ጊዜ የሚገታው ኅሊናው ብቻ ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ80 ሲሄድ 22 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ግን እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ክረምቱ ገና በመውጣቱም በአስፋልቱ ላይ ጭቃ አለ፤ ሲመሽ መብራት የሌለው ጋሪ ይገጥማል። እረኛው በአንድ በኩል፣ ከብቶቹ በሌላው በኩል ቆመው ካያችሁ ሊገናኙ ነውና ከሩቁ ቀንሱ። ላሚቱ ስትሻገር ጥጃዋ ትከተላለች፤ አንድ ልጅ ሮጦ ከተሻገረም ሁለተኛው ከኋላው እንዳለ ቁጠሩ። ክላክሱ ካዛንቺስ ላይ ሰውን ያስነሣ ይሆናል፤ አህያን ግን ባለችበት ያደርቃታል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ስካርንና የፍጥነት ፍቅርን አንድ ላይ አንሥቶ፣ በእነርሱ ምክንያት የራሱንና የሌላውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው ከባድ በደል እንዳለበት ያስተምራል። በመስቀል ሁለቱም ይገናኛሉ። በየቤቱ ክትፎው ሲቀርብ ጠጁና አረቄውም ይከተላል፤ እንቢ ማለት ባለቤቱን መናቅ ይመስላል። ስለዚህ ምክሩ ለነጂው ብቻ አይበቃም። ካቴኪስቶች ሆይ፥ ለአባወራዎችና ለእማወራዎች ንገሩ፤ መኪና የያዘውን እንግዳ በመጠጥ አታስጨንቁት፤ ከጠጣም ቁልፉን ተቀብላችሁ አሳድሩት።

ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ መንደር ስትገቡ ደግሞ ጀፎረው ይቀበላችኋል። ይህ በሁለት ወገን ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ ሣራም መስክ አባቶች በቅጫ ሥርዓታቸው ከልለው ያቆዩት ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ለቅሶም ደስታም ይደረግበታል። ጀፎረ የመንደሩ ሁሉ ደጅ ነው። በሰው ደጅ ላይ አዲስ መኪናውን አስጓርቶ የሚያልፍ የከተማ ልጅ ምን ሊያሳይ መጣ? ስለ መንገደኞች ሐዋርያዊ እንክብካቤ የተቋቋመው የቫቲካን ምክር ቤት በሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ለነጂዎች ባወጣቸው ዐሥር ትእዛዛት፣ መኪና የኃይልና የበላይነት መግለጫ እንዳትሆን አስጠንቅቋል። በጀፎረ ላይ በሰው እርምጃ ንዱ፤ ቢቻል መኪናውን ከዳር አቁማችሁ በእግር ግቡ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እርሱም ገጭቶ ማምለጥ ነው። የሚያመልጠው ሁሉ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሕዝቡን ቁጣ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን በኢያሪኮ መንገድ ያለፉት ካህንና ሌዋዊም ምናልባት ወንበዴዎቹ አልራቁም ብለው ፈርተው ይሆናል፤ ጌታችን ግን ምክንያታቸውን እንኳ አልጠቀሰላቸውም። ሳምራዊው የቆሰለውን በገዛ እንስሳው ላይ ጫነው፤ መኪና ላለው ሰው ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያሻውም። በዚህ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በወሊሶ የቅዱስ ሉቃስ ካቶሊክ ሆስፒታል አለ። ቁጣው በእውነት የሚያሰጋ ከሆነ እስከ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ለተጎዳው ርዳታ አስልኩ፤ ከዚያ ግን አትለፉ። ሕጉ የሦስተኛ ወገን መድንን በመኪና ባለቤቶች ሁሉ ላይ ግዴታ ያደረገው የተጎዳ ሰው ያለ ካሣ እንዳይቀር ነው።

የሞተችው በግ ብቻ ብትሆንስ? ናታን ለዳዊት የነገረውን አስታውሱ። ድሀው የነበረችው አንዲት በግ ነበረች። ቁሙ፤ ባለቤቷን ፈልጉ፤ በሽማግሌ ተነጋግራችሁ ዋጋዋን ክፈሉ።

በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ወደ ሜዶን አገር ሊሄድ ሲነሣ በመጀመሪያ የፈለገው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ያገኘውም ሩፋኤልን ነው። የመልአኩ በዓል ጳጉሜን 3 ቀን፣ ከመስቀል ሦስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ይውላል። ቁምስናዎቻችን በዚያ ሰሞን መኪኖችን ሲባርኩ፣ ካቴኪስቶች ይህን ምክር ከቅዳሴ በኋላ ቢያነብቡት መልካም ነው። አገሩን ለማያውቁ ነጂዎችም የአካባቢውን ሰው አጠገባቸው እንዲያስቀምጡና ጀንበር ሳትጠልቅ እንዲደርሱ በማለዳ እንዲነሡ ይንገሯቸው።