የሰማይ ሰዓትና የሰው ሐቅ



በዛሬው ጁሙዓ አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት ሲያመለክት ምን ያህል ማጋነን ይፈቀድለታል?

የሥነ ፈለክ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቁታል። ለሦስተኛ ዲግሪው የሚሠራ ተማሪ በትልቅ ቴሌስኮፕ ለመጠቀም መጀመሪያ ማመልከቻ ይጽፋል። የትኛውን ኮከብ፣ ለምን፣ ለስንት ሰዓት ማየት እንደሚፈልግ ያስረዳል። ጄምስ ዌብ ለተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 በተዘጋው ዙር ብቻ 2,377 ማመልከቻዎች ገብተዋል። የተጠየቀው ጊዜ ወደ 78,000 ሰዓት ነው። ዓመቱ ግን ያለው 8,760 ሰዓት ነው!

ገምጋሚዎቹ የአመልካቹን ስም አያዩም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2018 ለሐብል ቴሌስኮፕ በቀረቡ ማመልከቻዎች ተጀመረ። ስመ ጥሩ ፕሮፌሰርና ማንም የማያውቀው ተማሪ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ ማለት ነው። ፍትሕ ነው። ስም ሲደበቅ ግን የሚቀረው ቃል ብቻ ነው፤ ፈተናውም እዚያ ላይ ነው።

ተማሪው 6 ሰዓት እንደሚበቃው አሰላ እንበል። «ለማንኛውም» ብሎ 10 ጻፈ። «ምናልባት» የሚለውንም ሰርዞ «ያለ ጥርጥር» አለ። ያ ትርፍ 4 ሰዓት ከየት መጣ? ከሌላ አመልካች ነው። ያ ሰው ሐቁ መበላቱን አያውቅም። ተማሪውም ማን እንደሆነ ስለማያውቅ «አውፍ በለኝ» ሊለው እንኳ አያገኘውም።

«ሁሉም ያጋንናል፣ እውነቱን የጻፈ ይቀራል» የሚል ይኖራል። ጭንቀቱ ይገባናል፤ የዓመታት ጥናት በዚያ ማመልከቻ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ነገር ግን አጥርቶ ማስረዳትና ማጋነን ይለያያሉ። የጥናቱን ጥቅም ያለ ይሉኝታ ይናገር። ለትሕትና ብሎም ሰዓት አይቀንስ፤ የሚሰበሰበው ብርሃን ካልበቃ የተሰጠውም ይባክናል። ተስፋውን ግን ተስፋ ይበለው።

ጥሩ ማመልከቻ «ያሰብኩትን ባላገኝስ ምን እንማራለን?» ለሚለውም መልስ አለው። ጄምስ ዌብ ትራፒስት-1 ቢ የተባለችውን ፕላኔት ሙቀት ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት ይህ ነው የሚባል ከባቢ አየር እንደሌላት አመለከተ። «የለም» የሚለውም መልስ ዕውቀት ሆነ። ይህን የተረዳ ተማሪ «አለ» ብሎ እንዲምል የሚያስገድደው ነገር የለም።

እኛም የሥራ፣ የስኮላርሺፕ፣ የእርዳታ ማመልከቻ እንጽፋለን። ከመላካችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ አብሮኝ የተሰለፈው ሰው ይህን ቢያነብ «ሐቄን በላኝ» ይለኝ ይሆን?

አላህ እውነት ጽፈን የምናገኝ፣ ብናጣም እውነትን የማንለቅ ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!