ግድግዳው ላይ ማን ይጻፍ?

አንድ ከተማ የስፖርት ባለውለታዎቹን ስም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ልጻፍ ቢል ከማን ይጀምራል? እኔ በቆጂን አስባለሁ። ከዚህች የአርሲ ከተማና ከአካባቢዋ የወጡት ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ወርቅ አመጡ። በ2000 ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳና ጥሩነሽ እያንዳንዳቸው 5 ሺህንም 10 ሺህንም አሸነፉ።

የእነሱ ስም መጻፉ አያከራክርም። እኔን የሚያሳስበኝ በልጅነታቸው ያሠለጠኗቸው መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። «እነ ቀነኒሳን ያፈሩ» ብለን እናከብራቸዋለን። ጥሩ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውን በሌላ ሰው ሜዳሊያ መመዘን ነው። አሠልጣኝ የሚሰጠው ጊዜውንና ትኩረቱን ነው። ሲጀምር ማን እንደሚያሸንፍ አያውቅማ! ነገ ለምታሸንፈውም፣ ተጎድታ ለምትቀረውም ይለፋል። ታዲያ ያቺ ስለቀረች ልፋቱ ዋጋ አጣ?

«ሜዳሊያው ባይኖር መች እናውቃቸው ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሜዳሊያው ግን ልፋታቸውን አሳየን እንጂ ክቡር አላደረገውም። ሌላ ከተማ ውስጥ እንደሳቸው የለፋ፣ አንድም ልጅ ኦሎምፒክ ያልደረሰለት አሠልጣኝ አለ። ግድግዳው ለሱ ቦታ ከሌለው፣ ያከበርነው ልፋትን ሳይሆን ዕድልን ነው።